አፈርሳታ፤ እጁን የሰወረ አጥፊ በሸዋ እንዴት ይፈለግ እንደ ነበረና ለይፋት ቆላ ያለው ትምህርት

የነገሩ መነሻ

በሌሊት የአንድ ገበሬ የማሽላ ክምር ቢቃጠል፥ ወይም የእርሻ በሬው ቋንጃው ተቈርጦ ቢገኝ፥ ሲነጋ በቀበሌው ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «ያጠፋው ማን ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የጠፋውንስ ማን ይተካል?» የሚል ነው። አጥፊው የታወቀ እንደ ሆነ ለሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ ይበቃል፤ ዳኛ ይፈርዳል ወይም ሽማግሌ ይገላግላል፥ አጥፊውም ካሳ ይከፍላል። አጥፊው እጁን ሰውሮ እንደ ሆነ ግን ጥያቄዎቹ ይለያያሉ፤ ተበዳዩም ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ የሚከሰስ ሰው ፈላጊ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ንብረት የሚያጠፋን ሰው ማግኘት ሌባን ከማግኘት ይከብዳል። ሌባ የወሰደው ዕቃ ከቤቱ ወይም ከገበያ ሊያዝ ይችላል። ንብረት የሚያጠፋ ሰው ግን ይዞት የሚሄድ ነገር የለም፤ ክምሩ ዐመድ ሆኖ በስፍራው ይቀራል። ስለዚህ ለጥፋቱ የሚተርፈው ምስክር በሰው ልብና አፍ ያለው ብቻ ነው። ያየ፥ የሰማ ወይም የጠረጠረ ሰው በቀበሌው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታጣም፤ ነገር ግን ጎረቤቱን ፈርቶ ወይም ለዘመዱ ራርቶ ዝም ይላል። በሸዋ አፈርሳታ፥ በብዙ ስፍራም አውጫጭኝ ይባል የነበረው ሥርዓት የተሠራው ይህን ዝምታ ለመስበር ነው። አውጫጭኝ የሚለው ስም ራሱ «መውጣት» ከሚለው ግስ የመጣ ሆኖ፥ የተሰወረውን ነገር እርስ በርስ ማውጣጣት ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ መግለጥና ሲቀር ከሁለቱ ጥያቄዎች የትኛው ያለ መልስ እንደ ተተወ ማሳየት ነው። በመጨረሻም በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ከደረሰው ጥፋት አንጻር የሥርዓቱ ኃይል እስከ የት እንደሚደርስ ይመረመራል።

አገሩና የጥፋቱ ዐይነት

ይፋት ከሰሜን ሸዋ ደጋ ጫፍ ጀምሮ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር በረሓ የሚወርድ አገር ነው። ከደብረ ሲና ቍልቍለት በታች ሸዋ ሮቢት፥ ከዚያም ወደ ሰሜን አጣዬና ካራ ቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ይገኛሉ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን አገሩ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ይፋትና ጥሙጋ የሚባል አውራጃ ነበር። ዛሬ አጣዬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት፤ አጎራባቹ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ደግሞ በዚያው ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ይገኛል። አማራና ኦሮሞ፥ አርጎባና አፋር፥ ክርስቲያንና ሙስሊም ከጥንት ጀምሮ በዚህ ቆላ ይገናኛሉ፤ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው።

የቆላው ኑሮ ሀብቱን ሜዳ ላይ የሚያሳድር ነው። ማሽላውና ጤፉ እስኪወቃ ድረስ ተከምሮ ይሰነብታል፤ የሣር ክዳን ያለው ቤት ለአንድ የእሳት ፍም አይመለስም፤ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የሽንኩርትና የፍራፍሬ ተክልም በመስኖ ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ በቂም የሚደረገው ጥፋት መልኩ ብዙ ነው፤ ክምር ማቃጠል፥ ቤት ላይ እሳት መለኮስ፥ ከብት ማጕደል፥ የንብ ቀፎ መስበር፥ ቦይ መናድ፥ ተክል መንቀል፥ በሰብል ላይ ሆን ብሎ ከብት መልቀቅ።

ከነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ከሌሎቹ ይለያል። ከብት የማን እንደ ሆነ ይታወቃልና ሰብል የገባ በሬ ባለቤቱን ይዞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የተመረጡ ሽማግሎች እርሻውን አይተው ጥፋቱን ይገምታሉ፥ የከብቱ ባለቤትም በግምቱ መሠረት ይክሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው ሲል የደነገገው ከዚህ ልማድ ጋር የሚስማማ ነው። እሳት ግን ባለቤት የለውም። አፈርሳታ የሚያስፈልገው ባለቤት ለሌለው ጥፋት ነበር።

የአፈርሳታ አሠራር

የተሰወረ ጥፋተኛን ለማግኘት በቀድሞ ዘመን ሌላም መንገድ ይታወቅ ነበር፤ ይኸውም ሌባ ሻይ ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ልጅ መድኀኒት ይጠጣና በገመድ ታስሮ እየተመራ ይሄዳል፤ ልጁ የገባበት ቤት ባለቤት ጥፋተኛ ነው ይባል ነበር። ብዙ ንጹሕ ሰው የሚጐዳበት ስለ ሆነ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት በመንግሥት ተከለከለ። ሌባ ሻይ ምስጢሩን ከመድኀኒት ሲጠብቅ አፈርሳታ ከጎረቤት ይጠብቃል፤ ለዚህም ነው ሁለቱ የአንድ ዘመን ሥርዓቶች ቢሆኑም በባሕርይ የማይመሳሰሉት።

ጥፋት የደረሰበት ሰው በመጀመሪያ ወደ ጭቃ ሹሙ ወይም ወደ መልከኛው ሄዶ ያመለክታል። ሹሙም ቀንና ስፍራ ወስኖ ያስነግራል። የቀበሌው ነዋሪ የሆነ ወንድ ሁሉ፥ ባለ ርስት ቢሆን ጭሰኛ፥ መገኘት ግዴታው ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ በዕድሜና በምግባር የተመሰገኑ ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ ተሰብሳቢውም ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ በየሃይማኖቱ ይምላል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በተራው ወደ ሽማግሎቹ እየቀረበ የሚያውቀውን ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መመለስ አይፈቀድም፤ በአንድ ቀን ካላለቀ ጉባኤው በማግሥቱ ወይም በሌላ ቀጠሮ ይቀጥላል።

ስሙ የተጠራ ሰው ወዲያው አይቀጣም። ጥፋቱን ካመነ ካሳው ይቈረጣል፤ ከካደ ዋስ ጠርቶ በዳኛ ፊት ይከራከራል። ስለዚህ አፈርሳታ በራሱ የፍርድ ሸንጎ አይደለም፤ የምርመራ ጉባኤ ነው። አጥፊው ፈጽሞ ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን የጠፋው ንብረት ይገመትና የቀበሌው ሕዝብ አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል። ሥርዓቱ በመጀመሪያ የተነሡትን ሁለት ጥያቄዎች ያያያዘው በዚህ ነው፤ «ማን አጠፋ?» ለሚለው መልስ ያልሰጠ ሕዝብ «ማን ይተካል?» ለሚለው ራሱ መልስ ይሆናል።

የወፍ ምስክርነት

በጉባኤው ውስጥ ልዩ ትኵረት የሚገባው ወፍ የሚባለው ነው። አንድ ሰው የጥፋተኛውን ስም ለሽማግሎቹ ሲያንሾካሽክ ነገሩን ከወፍ እንደ ሰማው አድርጎ ይናገራል። ያየው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ሚስቱ ወይም እረኛ ልጁም ሊሆኑ ይችላሉ። ሽማግሎቹ ወፊቱ ማን እንደ ሆነች አይጠይቁም፥ ከየት እንደ በረረችም አይመረምሩም። በስመ ወፍ የተነገረው ነገር የተናጋሪውን ቤት ከደም ይጠብቃል፤ አለዚያ ትናንት ክምር ያቃጠለ ሰው ነገ የምስክሩን ቤት ከማቃጠል አይመለስም።

ይህ አሠራር የአጥፊውን መሣሪያ በአጥፊው ላይ መመለስ ነው። አጥፊው ማንነቱን በመሰወር ከፍርድ ያመለጠ መስሎታል፤ ሥርዓቱም ለምስክሩ ያንኑ መሰወሪያ ይሰጠዋል። ደግሞም ሁሉም ሰው በተራው ወደ ሽማግሎቹ ስለሚቀርብ፥ የተናገረውንና ያልተናገረውን ከሩቅ የሚመለከት ሰው መለየት አይችልም። የጉባኤው ግዴታ ለሁሉም እኩል መሆኑ ለምስክሩ መከለያ ነበረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ወፍ ሁልጊዜ እውነት አትናገርም። ስሙ ያልታወቀ ምስክር ለውሸቱም አይጠየቅምና ቂም ያለው ሰው በዚህ መንገድ ጠላቱን ሊያስጠራ ይችላል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ፥ ዘመድ የሌለው ድኻ፥ በሙያው የተናቀ ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። በአንጻሩ ባለጠጋና ኀይለኛ ሰው ያጠፋ እንደ ሆነ ሕዝቡ ስሙን ከመጥራት ይልቅ ማዋጣትን ሊመርጥ ይችላል። በመከር ወራት ብዙ ሰው ከሥራው ተለይቶ መዋሉም ራሱን የቻለ ጕዳት ነው፤ ከቀሪዎች መቀጫ የሚያገኝ ሹም ደግሞ ጉባኤው ሲደጋገም አይከፋውም። አፈርሳታ የጎረቤታሞች ፍቅር ያቆመው ሥርዓት አልነበረም፤ ያቆመው የመክፈል ፍርሃትና የመሐላ ፍርሃት ነው።

በሌላ አገር የታየ ምሳሌ

ለተሰወረ አጥፊ ቀበሌን ኀላፊ ማድረግ የኢትዮጵያ ልማድ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ፥ ወንበዴዎቹን አውጥቶ ያልሰጠ ቀበሌ ለተዘረፈው ሰው እንዲከፍል ያዝዝ ነበር። በ1723 የወጣው ብላክ አክት የተባለው ሕግ ደግሞ ይህንኑ ኀላፊነት ክምርና ቤት ወደ ማቃጠል፥ ከብት ወደ ማጕደልና ዛፍ ወደ መቍረጥ አሰፋው፤ ይህም በይፋት ቆላ ከተዘረዘሩት ጥፋቶች ጋር የተቀራረበ ነው። በፈረንሳይም በ1795 የወጣ ሕግ በሁከት ለጠፋ ንብረት የቀበሌው ማዘጋጃ እንዲከፍል አድርጎ ነበር።

በእንግሊዝ በኋላ የሆነው ለዚህ ጥናት ትልቅ ትርጕም አለው። አጥፊን የመፈለግ ሥራ ከሕዝብ ተወስዶ ለፖሊስ ሲሰጥ፥ የመተካት ግዴታ ግን አብሮ አልጠፋም። በ1886 የወጣው ሕግ በሁከት ንብረቱ የጠፋበት ሰው አጥፊው ባይታወቅም እንኳ ካሳውን ከአካባቢው የፖሊስ ገንዘብ እንዲያገኝ ደነገገ፤ በ2016 የወጣውም ሕግ ይህን መሠረት አሻሽሎ አጸናው። በዚያ አገር ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ለሁለቱም መልስ ተበጀላቸው።

አዲሱ ሕግና የተተወው ጥያቄ

በኢትዮጵያ የነገሩ አካሄድ ሌላ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት የግል መሆኑን ደነገገ፤ ማንም ሰው ራሱ ላልሠራው ወንጀል አይቀጣም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ንብረት ማጥፋትን የአንድ ሰው ጥፋት አድርጎ ቀጣው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ፤ በ223ኛው አንቀጽ ደግሞ ቀላል የንብረት ጕዳትን፥ ከስድብ፥ ከእጅ እልፊትና ከአነስተኛ ስርቆት ጋር፥ አጥቢያ ዳኛ በእርቅ እንዲጨርስ አዘዘ። እርቁ ያልተሳካ እንደ ሆነ አጥቢያ ዳኛው እስከ 15 ብር መቀጫ ሊፈርድ ይችል ነበር።

ይህ አንቀጽ ልማድንና ሕግን ለማገናኘት የተደረገ የሚመሰገን ሙከራ ነው። ነገር ግን እርቅ ሁለት ሰው ይሻል፤ አጥፊው ያልታወቀ እንደ ሆነ አጥቢያ ዳኛው የሚያስታርቀው አያገኝም። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የፍርድ ሸንጎዎች፥ ከዚያም በየቀበሌው የተተከሉት ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ስማቸው ቢለያይም በዚህ ረገድ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የሚጀምሩት ስሙ ከታወቀ ተከሳሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ካሳ የሚያስከፍለው ኀላፊነቱ የተረጋገጠበትን ሰው ነው።

ስለዚህ አፈርሳታ ሲቀር የቀረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር የሚያስጨንቀው ምርመራ መቅረቱ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ከርሱ ጋር «የጠፋውንስ ማን ይተካል?» የሚለው ጥያቄም ያለ መልስ ቀረ። በከተማም ነገሩ እንዲሁ ነው። በሌሊት የመንገድ መብራት ሲሰበር ወይም በሰው ግድግዳ ላይ ሲጻፍ፥ ባለቤቱ ቀለም ገዝቶ ከመቀባት በቀር የሚጠይቀው የለውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ግድግዳዎች ላይ በሌሊት ይጻፍ የነበረው መፈክር እንዳሳየው፥ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ቃሉ እንዲነበብ እየፈለገ እጁ እንዳይታይ ይጠነቀቃል፤ የሚከፍለው ግን የግድግዳው ባለቤት ነው።

የአጣዬ ጥፋትና የሥርዓቱ ወሰን

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፤ መኖሪያ ቤቶች፥ ሱቆችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሺሕ ሕዝብም ተፈናቀለ። ጉዳቱ በከተማዋ ብቻ አልቆመም፤ በአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ሰውና ንብረት ጠፍቷል። በጥር 2015 ዓ.ም. በጀውሃ፥ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል ግጭቱ ዳግመኛ ተነሣ። ይህን ያህል ጥፋት ከአንድ ክምር ቃጠሎ ጋር ማስተካከል አይቻልም። ቢሆንም የተቃጠለበት ባለ ሱቅ በማለዳ የጠየቀው ያንኑ ሁለት ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አፈርሳታ ለምን ሊሠራ እንደማይችል መረዳት ያስፈልጋል። አፈርሳታ አንድ ቀበሌ ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት ነው። የሚያዋጣውም የተበዳዩ የገዛ ጎረቤት ነው፤ ተበዳዩ ራሱ የዚያ ቀበሌ ሰው በመሆኑ ነገ በሌላው ላይ ለሚደርሰው ጥፋት በተራው ያዋጣል። ስለዚህ ሸክሙ ይዞራል። ወሰን ተሻግሮ የደረሰ ጥፋት ሲሆን ግን፥ «አጥፊውን አውጡ፥ አለዚያ ሁላችሁም ክፈሉ» የሚለው ቃል ከጎረቤት ሕዝብ ጆሮ ሲደርስ ትርጕሙ ይለወጣል። ሕዝብን በጅምላ መክሰስ ይሆናል፤ ከክስ ወደ በቀል ያለው መንገድም አጭር ነው። አንድ ሥርዓት በቀበሌ ውስጥ ሲሆን ካሳ የሚያሰጥ፥ በሁለት ቀበሌ መካከል ሲሆን ደግሞ ደም የሚያመጣ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። አፈርሳታ የሚቆጥረው በአጥቢያ ነው፤ የሚጠይቀውም «በዚህ ቀበሌ የሚኖር ማን ነው?» ብሎ ነው። በአጎራባቹ ሕዝብ ዘንድ ያለው ልማድ ግን በትውልድ ይቆጥራል። በኦሮሞ የጉማ ሥርዓት የነፍሰ ገዳዩ ዘመዶች በካሳው ይሸከማሉ፤ በአፋርም ነገሩ ማብሎ በሚባለው ጉባኤ ታይቶ ካሳው በአጥፊው ጎሣ ላይ ያርፋል። አንደኛው ሰውን በሚያድርበት ስፍራ፥ ሌላው በአባቱ ስም ሲፈልገው፥ በወሰን ላይ የሚያድር አጥፊ በሁለቱ መካከል ሊያመልጥ ይችላል።

ቆላው ለዚህም የራሱ ዘዴ አለው። በወሎና በይፋት ቆላ አበጋር የሚባሉት የሰላም አባቶች ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፥ ደገኛውንና ቆለኛውን በዱኣና በምርቃት ያስታርቃሉ። ወሰን ተሻጋሪ እርቅ የሚጸናው እያንዳንዱ ወገን የራሱን አጥፊ ራሱ ፈልጎ ሲያወጣ ነው። ሌላው ወገን ስም አይጠራለትም፥ እርሱም የሌላውን ስም አይጠራም። ይህ በእውነቱ ሁለት አፈርሳታ ጎን ለጎን መቀመጡ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አበጋርም በሁለቱም ዘንድ የሚታመን መሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለው እርቅ የሚደክመው መሣሪያ የያዘው ሰው የየትኛውም ቀበሌ ሽማግሌ የማያዝዘው ሲሆን ነው። ሽማግሌ ሊያወጣ የሚችለው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው፤ የማያውቀውን ፈልጎ ለፍርድ ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው።

የመተካቱ ነገር ደግሞ ተለይቶ ሊታሰብ ይገባል። የአጣዬን ከተማ መልሶ ለመሥራት መዋጮ ተደርጓል፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር የረዳ ብዙ ነው። መዋጮ ግን ቸርነት ነው፤ በአፈርሳታ ይከፈል የነበረው ዕዳ ነው። ቸርነት ልብ ሲራራ ይመጣል፥ ሲደክምም ይቀራል። ዕዳ ግን ጎረቤት በሌሊት የእሳት ብርሃን ሲያይ ከቤቱ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ የሚቃጠለው ክምር የርሱም ገንዘብ ነውና።

ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። አጥፊን በመፈለግ ረገድ አፈርሳታ ወደ ኋላ ሊመለስ አይገባውም፤ ቅጣት የግል ነው የሚለው ሕግ ለድኻውና ለእንግዳው ከወፍ የተሻለ ጋሻ ነው። በመተካት ረገድ ግን አሮጌው ሥርዓት ትክክለኛ ነገር አይቶ ነበር፤ ንብረቱ በተሰወረ እጅ የጠፋበት ሰው ጥፋቱን ብቻውን እንዲሸከም መተው አይገባም። የጋራ ካሳ በሕግ ተወስኖ፥ የተበዳዩ የገዛ ወረዳና መንግሥት የሚከፍሉት ሆኖ፥ ጎረቤት ሕዝብን በጅምላ የማይከስ ሆኖ ቢሠራ፥ ባለ ክምሩም ባለ ሱቁም ጥፋት በደረሰበት ማግሥት የሚሄድበት ደጅ ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ግን በይፋት ቆላ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልስለት ስለሌለ፥ የመጀመሪያውን ጥያቄ በራሱ እጅ ለመመለስ እንደ ተፈተነ ይኖራል።